አዋጅ የሚያስቀንሱት አዴ ወርቂቱ

በየከተማው ቁጥር የማያምን አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው የተለጠፈ ዋጋ ሲያይ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለዋል። መድኃኒት ቤት ገብቶ የራስ ምታት ክኒን ሲገዛ እንኳ "ስንት ትቀንስልኛለህ?" ይላል። የነፍስ አባቱ አርባ ስግደት ቢያዙት "ሃያ አምስት አይበቃም፣ አባ?" ብሎ ይጠይቃል። ሐኪም በቀን ሦስት ጊዜ ውሰድ ያለውን ሁለት ጊዜ ይወስድና አንዷን ያተረፈ ይመስለዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ አግብታችሁታል።

የእኛ የነቀምቴው ሴት ናቸው። ክብርት አዴ ወርቂቱ፣ የቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቅቤ ነጋዴ፣ የገበያው የበላይ ጠባቂ። ወይዘሮ የሚላቸው ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ብቻ ነው፤ ለከተማው ሁሉ አዴ ናቸው። ሲሸጡ ክርክር አያውቁም፤ "ይሄ የመጨረሻ ነው፣ ኢልማኮ፣ ልጄ" ብለው ፊታቸውን ወደ ሌላ ገዢ ያዞራሉ። ሲገዙ ግን "የመጨረሻው ስንት ነው?" ብለው ይጀምራሉ። ምስኪኑ ሻጭ የመጨረሻውን ሲነግራቸው "ጋሪ፣ ጥሩ፤ እንግዲህ ከዚያ እንጀምር" ይላሉ።

እኔ ሠርፀ እባላለሁ፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ከእናቴ ከወይዘሮ ጸሐይወርቅ ጋር የምኖርበት ግቢ ከአዴ ወርቂቱ ግቢ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ሁለቱ ሴቶች አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ አጥር ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። እናቴ በጎጃም አማርኛዋ ትጀምራለች፣ እሳቸው በኦሮምኛ ይመልሳሉ፣ መሃል ላይ ቋንቋ ይለዋወጣሉ። ልጅ ሳለሁ የተጣሉ እየመሰለኝ አለቅስ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን የኮሮና አዋጅ ወጣ። የቀበሌያችን ሹም አቶ ሽብሩ የግብረ ኃይሉ ሰብሳቢ ሆነ፤ እኔንም የእጅ ጽሑፉ ያምራል ብሎ ማስታወቂያ ጸሐፊ አደረገኝ። አቶ ሽብሩ ደግ ሰው ነው። አንድ ጉድለቱ ዕድሜውን ሙሉ የጠየቁትን ዋጋ ከፍሎ የሚሄድ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ቅቤ ተራ ገባ።

"ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ነው!"

"አራት?" አሉ አዴ ወርቂቱ ከቅቤያቸው ቀና ብለው። "ኦቦ ሽብሩ፣ ማሎ፣ እባክዎን፣ አራት ሰው ምን ሰው ነው? አሥር ይበሉ።"

"አዴ፣ ይሄ እኮ አዋጅ ነው።"

"አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው አሥር ያልኩት። አዋጅ ባይሆን ሃያ እል ነበር።"

"አይቀነስም፣ አይጨመርም!"

"እሺ ስድስት። ስድስት ካላሉኝ ሄድኩ" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ገበያ ያደገ ሰው እንዲህ ብሎ የሚሄድን ገዢ ዝም ብሎ ይሸኘዋል፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ እንደሚመለስ ያውቃል። አቶ ሽብሩ አላወቀም። "ኧረ አዴ፣ ይመለሱ! በቃ አምስት፤ አምስተኛው ልጅ ከሆነ ብቻ!" አለ። አዋጅ መሸጡ የገባው ቢሮው ሲደርስ ነው።

በማግስቱ ደግሞ በርቀቱ ሕግ ላይ መጡ። ማስታወቂያው "ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ" ይላል፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት። አዴ ወርቂቱ አስነብበው ካዳመጡ በኋላ "በማን እርምጃ?" ብለው ጠየቁ። እሳቸው አጭር ናቸው፤ ገበያውን የሚጠብቀው ፖሊስ ባቻ ደግሞ ሁለቴ ከተራመደ ቢላ ከተማ የሚደርስ ዓይነት ሰው ነው። ግማሽ ቀን ከተከራከሩ በኋላ በአዴ ወርቂቱ እርምጃ እንዲሆን ተስማሙ፤ ባቻም በዚያች እርምጃ ሲለካ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ ይራመድ ነበር።

ማስክ ሲታዘዝ አፋቸውን ሸፍነው አፍንጫቸውን ትተው ወጡ። ባቻ ሲያስቆማቸው "ግማሹን ከፍያለሁ፤ ቀሪውን ነገ" አሉት። ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጥቶ አሥራ አራት ቀን ቤት ውስጥ ይቆይ ሲባል ደግሞ የጤና ጣቢያዋን ነርስ ሲስተር ኡርጂን አስቀምጠው ሒሳብ አስተማሯት። "እሱ ሰባት ቀን ይቀመጥ፣ እኔም አብሬው ሰባት ቀን ልቀመጥ። ሰባትና ሰባት ስንት ነው?" ሲስተር ኡርጂ የተማረችውን ሁሉ ለአፍታ ተጠራጥራ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

ሐሰት እንዳይሆንብኝ፣ ሳያስቀንሱ ያስከበሩት አንድ ሕግ ነበር። ቅቤ የሚገዛ ሰው ሳያሸት አይገዛም፤ ለማሽተት ደግሞ ማስክ መውረድ አለበት። የዚያን ሰሞን እጁን ወደ ማስኩ የሚሰድ ገዢ ካዩ "አዋጅ ነው! አዋጅ አታክብርም? ሰው ልትጨርስ ነው?" ብለው ገበያውን ያናውጡት ነበር። በዚያ ወር የገዛነውን ቅቤ እናቴ ለጫማ ቆዳ ማለስለሻ አድርጋዋለች።

እኔ ስስቅ ከረምኩ። ሳቄ ግን እያደር ተቀነሰ፤ እናቴ አስም አለባት። እሷ የአዴ ወርቂቱ ተቃራኒ ናት፤ የተባለውን ሁሉ ጨምራ ትፈጽማለች። ሁለት እርምጃ ሲሏት አራት ትርቃለች። ብቻዋን ሆና ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ማስኳን አታወልቅም። በየማለዳው በአጥሩ ላይ አዴ ወርቂቱን አራት ጊዜ ትስም የነበረችው ሴት ከፋሲካ በኋላ አንድ ጣት አልነካቻቸውም። አዴ ወርቂቱ "ማሎ ጸሐይ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ" ብለው ቢከራከሩም አልቀነሰችም።

በቀጣዩ ክረምት የመንደራችን ጋሽ ራጉኤል በዚሁ በሽታ አረፉ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ባሳለች ቁጥር የያዝኩት ከእጄ ይወድቃል። ስለዚህ በ2014 ኅዳር ክትባቱ በዘመቻ ቀበሌያችን ሲደርስ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እናቴ ግን "አልወጋም" አለች።

"ለምን?"

"ሁለት ፋሲካ ሙሉ እጄ እስኪላጥ የታጠብኩት በሽታው ሰውነቴ እንዳይገባ ነው። አሁን በመርፌ ላስገባው?"

አስረዳኋት፤ ተቆጣኋት፤ ለመንኳት። የታሪክ መምህር ስለ መርፌ ምን ያውቃል አለችኝ፤ እውነቷን ነው። እሷ ብቻም አይደለችም። ድንኳኑ ተተክሎ ሲስተር ኡርጂ ሁለት ቀን ሙሉ ዝንብ ስታባርር ዋለች። ጠርሙሱ አንዴ ከተከፈተ ለአሥር ሰው ነው፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ለሦስት ሰው ከፍታ የሰባቱን ስትደፋ ዕንባዋ መጥቶ እንደነበር አይቻለሁ።

ስብሰባ ተጠራ። አቶ ሽብሩ "ያልተከተበ ከቀበሌ መታወቂያም ሆነ ደብዳቤ አያገኝም!" ሲል አዳራሹ ተንጫጫ። "ታዲያ ልጄ ሳይከተብ አይዳርም?" "መርፌ በግድ የትኛው አገር ነው?" አቶ ሽብሩ ደነገጠና ወደ ሌላ ጽንፍ ዘለለ፦ "እሺ፣ ለተከተበ ሁሉ አንድ ሳሙና እንሰጣለን።" ይሄኔ እናቴ ከጎኔ "በነጻ በሚሰጥ ነገር ላይ ሳሙና የሚጨምሩት ምን ጉድ ቢኖረው ነው?" አለች፤ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲስተር ኡርጂ "ማስገደድም መደለልም አልፈልግም፤ ላስረዳ ብቻ ፍቀዱልኝ" ብትል የሰማት የለም።

አዴ ወርቂቱ ተነሡ። ሁለት ሳሙና ይጠይቃሉ ብዬ ነበር።

"ኦቦ ሽብሩ፣ እርስዎ ነግደው አያውቁም" አሉ። "እኔ ቅቤዬ ጥሩ ሲሆን ዋጋ እናገራለሁ። ሰውዬው ይከራከረኛል፣ ይገዛኛል፤ ከገዛኝ በኋላ ነው ምርቃት ጣል የማደርግለት። ገና ሳይጠይቀኝ 'ና ምርቃት ልጨምርልህ' ካልኩት ቅቤው ሸትቷል ማለት ነው። እናንተ ሳሙናውን አስቀደማችሁ፤ ሰዉም ዕቃው ሸትቷል አለ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እሱን ለእኔ ተዉት።"

በማግስቱ ጠዋት፣ ገበያተኛው በሚያልፍበት ሰዓት፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ጀመሩ። "ሲስተር ኡርጂ፣ ይሄ ለእኔ በዛ፤ ግማሹን አድርጊልኝ።"

"አይቀነስም፣ አዴ።"

"በግራ እጅ ከሆነስ?"

"በግራም ያው ነው።"

"ከነገ ወዲያ ብመጣስ?"

"ከነገ ወዲያ ዘመቻው ያልቃል። ካለፈ አታገኙትም።"

"አታገኙትም አለች! ሰምታችኋል?" ብለው ወደ መንገደኛው ዞሩ። መንገደኛው ቆመ። ነቀምቴ አንድ ነገር ያውቃል፤ አዴ ወርቂቱ የማይረባ ዕቃ ሲያዩ ዝም ብለው ያልፋሉ፤ የሚከራከሩት ልባቸው የፈቀደውን ነው። ገበያ ላይ እሳቸው በኃይል የሚከራከሩበትን ድንች ሌላው ከኋላቸው እየመጣ ይገዛዋል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ "ወርቂቱ ይህን ያህል ከለፉበት ዕቃው ደህና ነው" ብላ ገባች። ሁለት ጓደኞቿ ተከተሏት። አዴ ወርቂቱም "እኔ ገና አልተስማማሁም፤ የቸኮለ ይለፍ" እያሉ ሰዉን ያስገቡ ጀመር። እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ ከድንኳኑ አልፎ መንገድ ዘጋ። ሦስት ቀን ሙሉ ተከራከሩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልተደፋችም።

በሦስተኛው ቀን፣ ዘመቻው በሚያበቃበት ከሰዓት፣ እናቴን "ወርቂቱን ለማየት ያህል" ብዬ ይዣት መጣሁ። አራት እርምጃዋን ጠብቃ ቆመች። ከዚያ እኔ የታሪክ መምህሩም፣ አቶ ሽብሩም፣ ከተማው በሙሉ ያልጠየቅነውን ጠየቀች።

"ወርቂቱ፣ አንቺ ተወጋሽ?"

አዴ ወርቂቱ ወደ ድንኳኑ ውስጥ አዩ። "እኔማ... ዋጋው ላይ ገና..."

"እንግዲያው ያልቀመስሽውን ቅቤ አትሽጪልኝ" አለች እናቴ። "አንቺ ከተወጋሽ እወጋለሁ። ካልተወጋሽ ወደ ቤቴ ልሂድ።"

አጠገባቸው ስለነበርኩ ፊታቸውን አየሁት። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል፤ የመቀነታቸውን ጫፍ እየጠመዘዙ ዓይናቸውን ከሲስተር ኡርጂ መርፌ ላይ አያነሡም። ያኔ ገባኝ። ግማሹን አድርጊልኝ፣ በግራ አድርጊልኝ፣ ከነገ ወዲያ ልምጣ ያሉት ለሰው ማሳያ ብቻ አልነበረም። እኒህ ስድስት ልጅ ቤታቸው የወለዱ፣ ፖሊስ በእርምጃቸው ያስለኩ ሴት መርፌ ይፈራሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን በር ላይ ቆመው የከተማውን ሰው ሲያስገቡ፣ ራሳቸው ከዚያች መርፌ ጋር እየታገሉ ነበር። እኔ ግን ስስቅባቸው ከረምኩ። አፈርኩ።

እናቴ ፊቷን አዙራ መራመድ ጀመረች። የሄደችው የምሯን ነበር፤ እኔ ልጇ ነኝ፣ አውቃታለሁ። ሌላ ድንኳን የለም፣ ሌላ ቀን የለም። "ቀኝ እጄ ይሁን" "እሷ ትቅደም" "በሚቀጥለው ዘመቻ" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

"እሺ" አሉ አዴ ወርቂቱ።

ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲስተር ኡርጂ ጥጡን ስታነሣ ሰውነታቸው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። እናቴ ይህን ስታይ አራቱን እርምጃ ረሳችው። ሄዳ እጃቸውን ያዘች፤ በሁለት እጇ፣ አጥብቃ። "አይዞሽ፣ ወርቂቱዬ፤ እኔን እይ" አለቻቸው። ቀጥሎ ተራው የእሷ ሲሆን እጁን የለቀቀ የለም። በር ላይ ድምፅ ማጉያውን ይዞ የቆመው አቶ ሽብሩ ሁለቱን አየ፤ ርቀት አለመጠበቃቸውን እንዳላየ ሆኖ ዞሮ ሰልፉን መቁጠር ጀመረ።

እንግዲህ ልናገረው፤ አዴ ወርቂቱን እወዳቸዋለሁ። የሸተተ ቅቤ ቢሸጡልኝም እወዳቸዋለሁ። ለዚህች አገር ሕግ የሚያወጡ ሰዎች ሕጋቸውን አስቀድመው ለእሳቸው ቢያሳዩ ደስ ይለኛል፤ ከእሳቸው ክርክር የተረፈ ሕግ ለሁላችንም ይሆናል። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸው አላውቅም።

ከተወጉ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አግዳሚው ወንበር ላይ እንዲቆዩ ታዘዙ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሲስተር ኡርጂ "ሰዓቱ ሞልቷል፣ መሄድ ትችላላችሁ" ብላ ስትነግራቸው ሁለቱም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነበር፤ አልተነሡም።