የተፍኪ ሜዳ የባሕር ትራፊክ

ባሕር የሌለው ሕዝብ የባሕር ሕግ አያስፈልገውም የሚል ኋላ ቀር አመለካከት የያዙ ሰዎች በአካባቢያችን ነበሩ። ምስጋና ለአቶ ጥሩሰው ይግባውና ዛሬ ሁሉም ታርመዋል። ከሰበታ ወጥቶ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ስሟን ለክብሯ ስንል የማንጠራት አንዲት ከተማ፣ ወደብ ሳይኖራት የጀልባ ትራፊክ ለማስተናበር በቅታለች።

ጥሩሰው በከተማዋ ጽሕፈት ቤት የመንገድ ደህንነት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ነው። "ተጠባባቂ" የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስሙ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቃ አልላቀቅ ብላዋለች። ሠርግ ቤት የክብር ወንበር ሲሰጡት እንኳ ገና ሳይደላደል "ዋናው መጡ" ይባልና ይነሳል። ሚስቱ ወርቅቱ፣ "እኔንም ያገባኸኝ በተጠባባቂነት ነው እንዴ?" እያለች ታሾፍበታለች። አብሯት ይስቃል፤ ውስጡ ግን እርር ድብን ይላል። ያቺ ቃል እንድትነሳለት ያልተሳለው ስለት አልነበረም።

ስለቱ የሰመረ የመሰለው ምክትል አስተዳዳሪው ኦቦ ዲሪባ ለልምድ ልውውጥ ባሕር ማዶ ሄደው ሲመለሱ ነው። ይዘው የመጡት አርባ ሁለት ገጽ መመሪያ ነበር፤ "በባሕር ጠረፍ የሸራ ጀልባ ውድድር ወቅት የጀልባ ትራፊክን በሰላም ስለማስተናበር" ይላል። በጽሕፈት ቤቱ ደንብ መሠረት ከልምድ ልውውጥ የመጣ ተሞክሮ ሁሉ በሩብ ዓመቱ ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ሰውየው የበረዶ መጥረጊያ አይተው መጥተው ቢሆን ኖሮ በረዶ ፍለጋ እንወጣ ነበር።

ስብሰባ ተጠራ።

"ክቡር ምክትል፣ ባሕር እኮ የለንም" አለች ጸሐፊዋ ቲቲ፣ ቃለ ጉባኤ መያዟን አቁማ።

"ይህ የአመለካከት ችግር ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።"

"ስሜም ይጠቀስ?"

"ይጠቀስ እንጂ!"

ቲቲ የራሷን ጥፋት በራሷ እጅ አሰፈረች። ይኼኔ ጥሩሰው እጁን አወጣ። በክረምት አዋሽ ሞልቶ ተፍኪ ሜዳ ላይ የሚተኛውን ውሃ አነሳ። "ገበሬው ጎርፍ ይለዋል። እኛ ግን ወቅታዊ ባሕር ብንለውስ?" አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ኦቦ ዲሪባ ትከሻውን ቸብ አድርገው፣ "ይህቺ ትሳካልህ እንጂ፣ ያቺን ተጠባባቂ የምትባለውን ነገር በገዛ እጄ እሰርዛታለሁ" አሉት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ጥሩሰው የዚያን ዕለት ምሳ አልበላም፤ በደስታ ጠግቦ ነበር።

ሜዳው ላይ ለሚካሄደው የጀልባ ውድድር፣ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ መመሪያውን ከሀገር በቀል ዕውቀት ጋር አጣጣመው። "ዓሣ ነባሪ ሲያጋጥም የሚወሰድ እርምጃ" የሚለውን ክፍል "በሬ ሲያጋጥም" ብሎ አረመው። "ነፋስ በግራ ጎኑ የሚገባበት ጀልባ፣ ነፋስ በቀኝ ጎኑ ለሚገባበት ጀልባ ቅድሚያ ይሰጣል" የሚለውን ግን አልነካውም። ስላልገባው በጣም አከበረው፤ ከሥሩም ሁለት መስመር አሰመረበት። በመጨረሻም፣ ከውድድሩ ጋር ግንኙነት የሌለው ማንኛውም ተንሳፋፊ አካል ቀይ ባንዲራ እስከታየ ድረስ ከዳር ንቅንቅ እንዳይል ደነገገ።

በዚያ ውሃ ላይ ከውድድሩ ጋር ግንኙነት የሌለው ተንሳፋፊ አካል አንድ ብቻ ነበር። ኦቦ ሚልኬሳ አራት በርሜል በአጣና አስረው፣ ሰውና እህል ሳይርስ የሚያሻግሩበት ታንኳ ነው። በውድድሩ ዋዜማ ጥሩሰው ሊያሳውቃቸው ሄደ።

"አካም ጂርቱ ኦቦ ሚልኬሳ?"

"ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ። ምን እግር ጣለህ?"

"ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የጀልባ ትራፊክ ዝግ ነው።"

"ትራፊኩ ማን ነው?"

"አንቱ ነዎት።"

"እኔ ብቻዬን?"

"እስካሁን ባለው መረጃ።"

ሽማግሌው ውሃውን አዩ፣ ጥሩሰውን አዩ። "ዝግ ነው ካልክ ዝግ ነው። የሚከፈተውስ?"

"አረንጓዴ ባንዲራ ሳሳይዎት። በቀይ ግን ማን ቢጠራዎት፣ ምን ቢመጣ፣ ንቅንቅ እንዳይሉ። ሕግ ነው።"

"ምን ቢመጣ?"

"ሰማይ ቢደፋ!"

ኦቦ ሚልኬሳ ሕግ አክባሪ ሰው ናቸውና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ዳስ ተጣለ፣ ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ሦስት ጀልባዎች ቀረቡ፤ ከሰበታ አንድ፣ ከሱሉልታ አንድ፣ ከቡራዩ አንድ። የቡራዩዋ በብየዳ ቤት የተሠራች ስትሆን ሸራዋ የአይሱዙ ሸራ ነው፤ ካፒቴኗም የሚኒባስ ሾፌሩ ወንዲ ነበር። ኦቦ ዲሪባ ተነስተው፣ "ውሃችን ጥልቅ ነው! ራዕያችን ግን ከውሃችንም ይጠልቃል!" ብለው ውድድሩን ከፈቱ።

ጥሩሰው ለሁለት በተቆረጠ የውሃ ታንከር ውስጥ ተቀምጦ፣ ፊሽካ አንጠልጥሎ መሐል ውሃ ላይ ተሰየመ። ዋና አይችልም። መመሪያው የነፍስ አድን ሰደርያ ይላል፤ ክፍሉ ያለው ግን የመንገድ ትራፊክ አንጸባራቂ ሰደርያ ብቻ ስለሆነ እሱን አጠለቀ። ሲሰምጥ በጉልህ ይታያል።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ነፋስ የሚባል ነገር ጠፋ። ጀልባዎቹ ባሉበት ቆሙ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የትራፊክ ደህንነቱ እንከን አልነበረውም። ስድስት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረና ነፋሱ ከዶፍ ጋር መጣ። ሦስቱም ጀልባዎች፣ በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ ወደ ጥሩሰው ታንከር ገሰገሱ። ቀዩን ባንዲራ አውለበለበ። ነፋስ ቀይ ባንዲራ አያውቅም።

"አቶ ጥሩሰው! ቅድሚያ የማን ነው?" ብሎ ጮኸ ወንዲ።

"ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚገባብህ?"

"በሁሉም!"

"አንዴ ጠብቁኝ! ገጽ አሥራ ሰባት ላይ አለ!"

ገጽ አሥራ ሁለት ላይ እንደደረሰ የቡራዩዋ ጀልባ ታንከሩን ከጎን ደለቀችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ጥሩሰውን ግን ሳያስቀው ወሰደው። በዚያ ባሕር ላይ የደረሰው ብቸኛ የትራፊክ አደጋ በትራፊክ ደህንነት ላይ የደረሰ ነው።

"ኧረ በማርያም! ኦቦ ሚልኬሳ! ድረሱልኝ!" እያለ ይንቦጫረቃል። ሽማግሌው ሠላሳ እርምጃ በማትሞላ ርቀት ላይ ታንኳቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

"ልጄ፣ አረንጓዴው ባንዲራ የታለ?"

"ጠፋብኝ! ቀዩ ነው ያለው!"

"ቀይ ከሆነማ እንዴት አድርጌ? ሕጉን ያወጣኸው አንተ።"

"ልሞት ነው እኮ! ልሞት ነው!"

ኦቦ ሚልኬሳ አዘኑለት። ሕጉን ሳይጥሱ የሚረዱበትን መንገድ ጥቂት አሰቡና፣ "እንግዲያውስ ቁም" አሉት።

"ምን?"

"በእግርህ ቁማ!"

ጥሩሰው ቆመ። ውሃው ከቀበቶው በታች ነበር።

ዳሱ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተወዳዳሪዎቹም ይኼን ሲያዩ ከየጀልባቸው ወርደው እየገፉ ውድድሩን ቀጠሉ፤ ገፊዎቿ ረጃጅሞች ስለነበሩ የሱሉልታዋ አሸነፈች። ጥሩሰው በማግስቱ ለበላይ አካል ባቀረበው ሪፖርት፣ "በወቅታዊ ባሕሩ ላይ ከወደቁት መካከል መቶ በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ተርፈዋል" ሲል ጻፈ። ውሸት የለበትም።

ኦቦ ዲሪባ ደስ አላቸው። "ደብዳቤህ ተጽፎ አልቋል። የምፈርመው ግን ተሞክሮውን ሊቀስሙ የሚመጡት እንግዶች ባሕሩን አይተው ሲመሰክሩልን ነው" አሉት። እንግዶቹ፣ ስሟን የማንጠራት የአንዲት ሐይቅ ዳር ከተማ ልዑካን፣ በመስከረም ይመጣሉ ተባለ። ቀጠሮው አንዴ ተራዘመ፤ ደግሞ ተራዘመ። ጥሩሰው በየማለዳው ወደ ሜዳው እየሄደ ውሃውን በእንጨት ይለካ ነበር። ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ወርቅቱ፣ "ሰው ዝናብ እንዲያቆም ሲጸልይ አንተ እንዲቀጥል ትጸልያለህ፤ ጎረቤት እንዳይሰማህ" አለችው።

እንግዶቹ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ተፍኪ ሜዳ ክው ብሎ ደርቋል። ኦቦ ሚልኬሳ ሽምብራ ሊዘሩ በሬዎቻቸውን ጠምደው ልክ የመነሻው መስመር ላይ ያርሳሉ። የልዑካኑ መሪ አቶ እሸቴ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ "ባሕሩ በየት በኩል ነው?" ብለው ጠየቁ።

ኦቦ ዲሪባ ወደ ጥሩሰው ዞሩ። ጥሩሰው ኪሱ ውስጥ ሦስት መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ የመጀመሪያው "ለጥገና ተዘግቷል" የሚል ነው። አፉን ሲከፍት በሬዎቹን አየ፤ ራሱን፣ ክራቫቱን፣ አንጸባራቂ ሰደርያውን አየ። ሳቁ መጣበት። ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"ባሕር የለንም" አለ። "ጎርፍ ነበር፤ ደረቀ። እኔ ዋና አልችልም፤ ያጣጣምኩት መመሪያ አልገባኝም። ቀበቶዬ ላይ በማይደርስ ውሃ ልሞት ነው ብዬ ሰው ፊት ጮኼአለሁ። ያዳኑኝ እኚህ አባት ናቸው፤ 'ቁም' ብለው። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ኃላፊ ልባል ብዬ ነው።"

ኦቦ ዲሪባን ሳል ያዛቸው። ጥሩሰው አራት ዓመቱ እዚያው ሜዳ ላይ እንደቀረ ታወቀው፤ ግን ጠባብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው ቅልል አለው።

አቶ እሸቴ ወደ ልዑካናቸው ዞሩ። "አያችሁ? ራስን በአደባባይ መገምገም ማለት ይኼ ነው! እኛ ጋ እንዲህ ያለ ኃላፊ አለ?" ጭብጨባው ሜዳውን ሞላው። የኦቦ ዲሪባ ሳል ወዲያው ቆመ፤ "እኛ ያሳደግነው ልጅ ነው" አሉ።

ሁሉም ማስታወሻቸውን አውጥተው ይጽፉ ጀመር። አቶ እሸቴ ብዕራቸውን አንስተው፣ "አንድ ጥያቄ አለኝ" አሉ። "የእኛ ሐይቅ በጣም ጥልቅ ነው። ይህን 'ቁም' የሚለውን አሠራር እዚያ እንዴት ነው የምንተገብረው?"

ኦቦ ሚልኬሳ በሬዎቹን አቆሙ። "ኧረ እንዳትሞክሩት! ታልቃላችሁ!"

"አባባ፣ ተሞክሮ አያበላሹብን እንጂ" አሏቸው ኦቦ ዲሪባ።

ደብዳቤው በማግስቱ ተፈረመ፤ ጥሩሰው ሙሉ ኃላፊ ሆነ። "እንዴት አድርገህ አገኘኸው?" ብለው ሲጠይቁት፣ "እውነቱን ተናግሬ" ይላል። ማንም አያምነውም፤ ወርቅቱ ሳትቀር "ለእኔ እንኳ ትዋሻለህ?" ብላ አኩርፋዋለች።