የጎረቤቴ ሶላር

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። እውነት ነው። ዝናብ የማይለየው አገር ሰው ዝናብን ይራገማል፤ እኛ የላስ ቬጋስ ሰዎች ደግሞ ፀሐይን። ስንራገማት ብትሰሙን ወንድማችንን የገደለች ደመኛ ትመስላችኋለች። በነዚያ ዓመታት ሬዲዮኑ ስለ ታዳሽ ኃይል ማውራት ይወድ ነበር፤ ጀርመኖች በዚያ ደመናማ ሰማያቸው ሥር ጣራቸውን በሶላር ሸፈኑ፣ ዴንማርኮች ነፋሱን መብራት አደረጉት ይላል። እኔ ይህን የምሰማው መጋረጃዬን ግጥም አድርጌ ዘግቼ፣ ኤሲውን ለቅቄ ነው። የሌላ ዓለም ወሬ ነበር የሚመስለኝ።

የምኖረው ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ አንድ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነበር። አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ፤ ሺፍቴ የሌሊት ስለሆነ ቀን እተኛለሁ። ፊት ለፊቴ ከማል ይኖራል፤ ዝምተኛ የደሴ ልጅ። ከከተማው ወጣ ብሎ በረሃ ላይ በተተከለ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ መስታወት ያጥባል። ሳምንቱን ሙሉ ከፀሐይ ጋር መዋሉ አልበቃው ብሎ አንድ ያገለገለ ሶላር በረንዳው ላይ ሰቀለ። በሁለት ባትሪ ባጠራቀመው ኃይል ቬንትሌተር ያዞርበታል። ሳቅንበት። እኔማ በሳቅ አላበቃሁም። የሶላሩ ነጸብራቅ በመጋረጃዬ ቀዳዳ እየሾለከ ዓይኔ ላይ ቢያርፍብኝ፣ ለከማል አንዲት ቃል ሳልተነፍስ የአፓርታማው አስተዳደር ቢሮ ሄጄ «ይነሣልኝ» የሚል ማመልከቻ አስገባሁ። ለምን አልነገርኩትም? እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከጎረቤት ፊት ወረቀት ይቀላል።

ማመልከቻዬ መልስ ሳያገኝ የሐምሌ ሙቀት ገባ። ያን ጊዜ እናቴ እኔ ዘንድ ነበረች፤ ሳንባዋን ስለሚያማት ከኦክሲጅን ማሽን አትለይም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ማሽኑም ጸጥ። መጠባበቂያውን ሲሊንደር ባየው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ አስሞላው ብላኝ ነበር፣ እኔ ነገ ነገ ስል። ድንገተኛ ጋ ደወልኩ። እየመጡ ነው፣ ግን በሙቀቱ የተነሣ ጥሪው በዝቷል አሉኝ። የእናቴ ከንፈር እየጠቆረ ሄደ።

እግሬ ወደ ማን ደጅ እንደወሰደኝ መቼም ገብቷችኋል። ከማል ዕረፍቱ ነበር። ነገሩን ነግሬው ሳልጨርስ ባትሪዎቹን ይነቅል ጀመር። ተጋግዘን ተሸከምናቸው፤ የሶላሩንም ገመድ በመተላለፊያው ላይ እየጎተተ ቤቴ ገባ። ማሽኑ አንዴ አቃሰተና ተነሣ።

«እማማ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ» አላት እግሯ ሥር ተቀምጦ። «ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ አይዞዎት።»

ባለአምቡላንሶቹ ሲደርሱ ከንፈሯ ወደ መልኩ ተመልሷል። መረመሯትና ደህና ናት አሉ። መብራቱ የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። እስከዚያው ከማል ንቅንቅ አላለም፤ ባትሪውን ያያል፣ እናቴን ያያል።

ገመዱን መጠቅለል ሲጀምር አላስችለኝ አለ። ሶላሩ ይነሣ ብዬ ያመለከትኩት እኔ ነኝ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ቢሮ ጠርተው አሳይተውኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ሌሊት ሠርተህ እንደምትገባ ረስቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አዙሬ ልሰቅለው መሰላል እየፈለግኩ ነበር።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በማግስቱ ማመልከቻዬን ሰረዝኩ፤ መሰላልም ለምኜ አመጣሁ። እሱ ሲያዞር እኔ መሰላሉን ያዝኩ። ውለታውን በዚያ እንዳልከፈልኩት አውቃለሁ፤ ዛሬም ስሙን ሳነሣ ተመስገን እላለሁ።

እናቴ ከማልን መርቃ መርቃ ስትጨርስ፣ ዓለም አሁን ከፀሐይና ከነፋስ መብራት ማውጣት እየተማረ መሆኑን በሰፊው አስረዳኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«ፀሐይማ ድሮም ሥራ ላይ ነበረች» አለች። «የዘገያችሁት እናንተ ናችሁ።»