ማስተሩ ፕላን ላይ አለ!

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቤትን ስም ግን የሚያወጣው ደላላ ነው! ካላመናችሁ ሞክሩት… በረት አላችሁ እንበል። ላሞቹን አስወጡና ለደላላ አሳዩት። በማግስቱ «ሰፊ ስቱዲዮ፣ የተፈጥሮ ጠረን ያለው» ተብሎ ታገኙታላችሁ።

እኔና ባለቤቴ ሰናይት ሰበታ ከገባን ጀምሮ ተከራዮች ነን። እሷ ከዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማስተር ቤድሩም! የራሱ መታጠቢያ ያለው መኝታ ቤት ማለት ነው። አትፍረዱባት። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ስለ ሰልፍ ያወራል፤ እኛ ግን ከአከራያችን አምስት ልጆች ጋር በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ነን፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ።

ታዲያ አንድ ቀን ደላላው «የሚሸጥ ታሪካዊ ሎፍት አግኝቼልሃለሁ፣ ያውም ወንዝ ዳር!» አለኝ።

«ሎፍት ምንድን ነው?»

«ጣሪያው የራቀ፣ ግድግዳው ያልተለሰነ።»

«ያላለቀ ቤት ነዋ!»

«ያላለቀ ቤት ርካሽ ነው። ይሄ ሎፍት ነው!»

ሄጄ አየሁት። የድሮው ወፍጮ ቤት! አንድ ባለሀብት የድንጋይ ግድግዳውን አሳጥቦ፣ ውስጡን ለስምንት ከፋፍሎ፣ የወፍጮውን ድንጋይ መግቢያው ላይ አቁሞ መብራት አብርቶበታል። ጥጋጥጉ ላይ ዛሬም ዱቄት አለ። በእግሬ ጠረግ ላደርገው ስል ደላላው «ተው! ታሪክ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ወንዙማ… ከላይ ያሉት ፋብሪካዎች ባሰኛቸው ቀለም ነው የሚፈሰው። እኔ የሄድኩ ቀን ወይን ጠጅ ነበር። ያም ሆኖ ቤቱን ወደድኩት፤ ምን ልዋሻችሁ። የቤቱንና የአካባቢውን ፕላን ጠቅልዬ ይዤ ዓለም ገና ወዳለው ሥራዬ ልሄድ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ጊዜውን አስታውሱልኝ። ማስተር ፕላን የሚባል ነገር አገሩን ያመሰበት ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ልትሰፋ ነው፣ ገበሬው ከመሬቱ ሊነሳ ነው ተብሎ ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። በመጨረሻ «ማስተር ፕላኑ ቀርቷል» ተባለ። ያመነው ግን ጥቂት ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሰው ስለ ዝናብ እንኳ የሚያወራው ግራ ቀኙን አይቶ ነበር።

እዚህ መሐል ሰናይት ደወለች። ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ መጮህ ግድ ሆነብኝ።

«ማስተሩ ፕላኑ ላይ አለ?»

«አለ! ማስተሩ ፕላን ላይ አለ!»

ረዳቱ በመስኮት አውጥቶት የነበረውን ራሱን መለሰ።

«ቤቱ ሲከፋፈል ቀርቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ!»

«ማነው ቀረ ያለሽ? አልቀረም! በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ሾፌሩ ቴፑን ዘጋ።

«ጠባብ እንዳይሆን ብቻ!»

«እናሰፋዋለና! ወደ ወንዙ በኩል እናሰፋዋለን! እዚያ ያለው ይፈርሳል!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ስልኩን ስዘጋ አሥራ ምናምን ጥንድ ዓይን እኔ ላይ ነበር።

«ወራጅ አለ…» አልኩ በቀጭን ድምፅ።

«ወራጅ የለም!» አለ ረዳቱ።

አጠገቤ የተቀመጡ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። ረዳቱ ኦቦ ቶሎሳ ሲላቸው ሰምቻለሁ።

«አካም፣ ልጄ?»

«ነጋአ… ሰላም ነው አባቴ።»

«እስቲ ያንን ማስተር አሳየኝ።»

ፕላኑን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። «ማስተር ቤድሩም ነው አባቴ! መኝታ ቤት! ይኸው አልጋው፣ ይኸው ሽንት ቤቱ…»

ረዳቱ አንገቱን አስግጎ አየና «ኧረ እውነትም ሽንት ቤት ነው!» አለ፤ ላልሰማም በኦሮምኛ ደገመው። ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዲት ሴት «ሚስትህ ልታስፈጅህ ነበር እኮ!» አለችኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ብቻ አልሳቁም። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ይሄዳል።

«ይሄ ወንዙ ነው?»

«አዎ።»

«ይሄ ወፍጮ ቤቱ። እናቴ በአህያ እህል ጭና የምትመጣበት። ይሄ ድልድዩ… ማኒ ኮ ኤሳ? የኔስ ቤት የታለ? ድልድዩ ሥር ነኝ እኮ!»

አብረን ፈለግን። ቤታቸው ባለበት ቦታ ላይ ሁለት ክብ ክብ ዛፎች ተስለዋል። ከሥራቸው ጽሑፍ አለ።

«ምን ይላል?»

ባላነበው ደስ ባለኝ። «አረንጓዴ ስፍራ ይላል።»

«እኔን ነው?»

«የሣለው ሰው ተሳስቶ ይሆናል አባቴ…»

«ስህተቱ ግን ሁልጊዜ ወደኛ በኩል ነው የሚሰፋው» አሉ።

አፈርኩ። «እዚያ ያለው ይፈርሳል» ብዬ የጮኽኩት ለግድግዳ ነበር፤ እዚያ ያለው ሰው ግን ጎኔ ተቀምጦ ሲሰማኝ ነበር። ለደላላው ደወልኩ።

«አረንጓዴ ስፍራ ያላችሁት ላይ የሰው ቤት አለ እኮ!»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?» አለኝ። «እስኪነሱ ድረስ ቪው ነው!»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ወዲያው ሰናይት መልሳ ደወለች።

«እሺ፣ ማስተሩን እንያዘው?»

ኦቦ ቶሎሳን አየሁ። የነገ ጠዋቱን የሽንት ቤት ሰልፍ አሰብኩ።

«ማስተሩ ቀርቷል!»

ሚኒባሱ በጭብጨባ ተናጋ! ረዳቱ ዓለም ገና ላይ በሩን በርግዶ «አሁን ወራጅ አለ!» አለልኝ።

ልወርድ ስል ፕላኑን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ። ኦቦ ቶሎሳ ግን አራት ላይ አጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት።

«አባቴ፣ ቀርቷል እኮ አልኩ!»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ሲመጣ በወረቀት፣ ሲቀር በአፍ ነው። የመቅረቱ ወረቀት እስኪመጣልኝ ይሄኛው እኔ ጋ ይቆይ።»