አስራ አራተኛው ፎርም

ሰው ፊት ለፊት ለመናገር የሚያፍረውን ወረቀት ላይ ይጽፈዋል ብሎ የአስተያየት መስጫ ፎርምን የፈለሰፈው ሰውዬ፣ መቼም ሶዶ መጥቶ አያውቅም። መጥቶ ቢሆን ኖሮ ፎርሙን አጣጥፎ ኪሱ ይከትና፣ ሥጋውን በዳጣ በልቶ፣ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። እኛ እኮ ሰው አናስቀይምም! ሆስፒታላችን በር ላይ የተሰቀለችው የአስተያየት ሣጥን ቁልፏ ጠፍቶ ስንት ጊዜ ቆይታ አምና ስትከፈት፣ ውስጧ ምን ተገኘ መሰላችሁ? ሦስት “እግዚአብሔር ይባርካችሁ”፣ አንድ የሠርግ ጥሪ፣ እና አንድ የጠፋ መታወቂያ። አለቀ። ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ ሲረግመን የዋለ ሰው ሁሉ፣ እስክሪብቶ ሲጨብጥ ይመርቀናል።

ስሙኝማ። ይሄ ድምፅ ይረዝማል፣ ካሁኑ ልንገራችሁ። በእጥፍ ፍጥነት የምትሰሙኝ ሰዎች እንዳላችሁም አውቃለሁ፤ እንደዛ ስሰማ የባሰ የተናደድኩ ነው የምመስለው፣ ስለዚህ ተዉት፣ በልኩ ስሙኝ። የድሮ ተማሪዎች ግሩፓችን ውስጥ አዲስ የገባችሁ ደግሞ፣ ታሪኩ ነኝ፣ የሆስፒታሉ የስልጠና አስተባባሪ። ሐኪም አይደለሁም። አዳራሽ የማስጠርግ፣ ፕሮጀክተር የምለምን፣ ሐኪም እያሳደድኩ የማስፈርም ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ ላይ ያልተናደደ ሰው ካለ አምጡልኝና ልየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪም የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ሲፒዲ የሚሉት ነገር አለ፤ በየጊዜው ስልጠና ይወስዳል፣ ነጥብ ያመጣል። ጥሩ! እኔ አልቃወምም። ሆድህን የሚከፍተው ሰው ከተመረቀ ወዲህ አንድ ነገር ቢያነብ ማን ይጠላል? ችግሩ፣ ነጥቡ የሚቆጠረው ስልጠናውን የሰጠው ተቋም እውቅና ካለው ብቻ ነው። እኛ የለንም። እዚህ ከተማ ሌላ ተቋም ሲያዘጋጅ ወንበሩ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ የኛ ሐኪሞች ነጥብ ለመልቀም ሐዋሳ ይሄዳሉ፣ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ሐኪሙ ስልጠና ላይ ነው ብለህ ምጥ የያዛትን ሴት በቀጠሮ አትመልሳት ነገር!

የማኅፀን ሐኪማችን ደግሞ አንድ ብቻ ናቸው፤ ዶክተር ጌታነህ። ጎጃሜ ናቸው። በወጣትነታቸው ለሁለት ዓመት ተመድበው መጡ፣ ይኸው ፀጉራቸው እዚሁ ነጣ። ወላይታቶ ሲናገሩ ጎጃም ጎጃም ይሸታል፤ እናቶቹ ግን ይገባቸዋል፣ እንዲያውም ገና “ሳሮ” ብለው ሰላም ሲሏቸው ግማሹ ሕመም የሚለቃቸው አሉ። ታዲያ አንድ ቀን ቢሮዬ መጥተው፣ ቆመው፣

“ታሪኩ፣ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ነጥብ የለኝም” አሉኝ።

“ይሂዱና ይውሰዱ እንጂ ዶክተር! አንድ ሳምንት እንደምንም ብለን…”

“ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። ‘አባዬ ይበቃሃል’ እያሉ ነው። ከሄድኩ ራሴን አውቀዋለሁ፣ አልመለስም።”

ይሄን ብለው ወጡ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ከሃላሌ በኩል፣ ከሁምቦ በኩል በአምቡላንስ የሚመጡትን ሴቶች ማሰብ ጀመርኩ። አምቡላንሱ እኛ በር ላይ ደርሶ ዞሮ ወደ ሐዋሳ ሲቀጥል ታየኝ። ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ ሥራ እሠራለሁ፣ ይሄን አትካዱኝ። “ነጥቡን እዚሁ እናመጣዋለን፣ እኛ ራሳችን እውቅና እናገኛለን!” አልኩ። ማንም አልሰማኝም፣ ብቻዬን ነበርኩ።

እውቅና ማግኘት ማለት ምን እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። የድሮውን የመድኃኒት መጋዘን አስለቅቄ የስልጠና ክፍል አደረግኩት፤ እስከ ዛሬ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ ሽሮፕ ሽሮፕ ይላል። ምን እንደምናስተምር ብቻ ሳይሆን ለምን እሱን እንደመረጥን ጻፉ አሉን እውቅና ሰጪዎቹ። ከስልጠና በፊት ፈተና፣ ከስልጠና በኋላ ፈተና። አሰልጣኙ ከመድኃኒት ድርጅት ያገኘው ጥቅም ካለ ያሳውቅ የሚልም ፎርም አለ። ዶክተር ጌታነህ አስበው አስበው “አንድ እስክሪብቶ፣ ቀለሙ ያለቀ” ብለው ጽፈው ፈረሙ። ልሰርዘው ስል “እውነት ነው፣ ተወው” አሉኝ።

የሙከራ ስልጠና መስጠት ነበረብን፤ ነጥብ የለውም፣ ሰነዱ ግን ይታያል። ዶክተር ጌታነህ አስተማሩ። ሲያልቅ ሰልጣኞቹ የአስተያየት ፎርም ሞሉ። ሁሉም፣ ሁሉም በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች “በጣም ጥሩ” ላይ ምልክት አድርገው። ደስ አለኝ! ፋይሉን በደስታ አስሬ ላክሁ። ጉዳዩን የያዙት ወይዘሮ ሶስና የሚባሉ ሴትዮ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ድምፃቸው ቀዝቃዛ፣ ቀስ ያለ፤ እንደዚህ ዓይነት ሰው ያቃጥለኛል።

“አቶ ታሪኩ፣ ፎርሙን የሞላው ሰው ነው ማተሚያ ማሽን?”

“ሰው ነዋ!”

“እንከን የሌለው ስልጠና አይቼ አላውቅም። አስተያየት ካልሰበሰባችሁ ምኑን እያያችሁ ነው የምታሻሽሉት? እንደገና ስጡ፣ ከዚያ መጥቼ አየዋለሁ።”

በሁለተኛው ሙከራ ዶክተር ማርታ እንድታስተምር አደረግን። ጠቅላላ ሐኪም ናት፣ የዶክተር ጌታነህ ተማሪ፣ እጇን ይዘው ያሳደጓት። ርዕሱ ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም ነው። ከየወረዳው ሐኪም ጠራን። ዶክተር ጌታነህ ደግሞ መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“ዶክተር፣ ይሄ እኮ ነጥብ የለውም” አልኳቸው በጆሯቸው።

“ልማር ነው የመጣሁት፣ አንተ ምን አገባህ” አሉኝ።

ሰልጣኞቹን ለመንኳቸው። “በእናታችሁ አንዳንድ ስህተት ፈልጉ!” አልኩ። ፈለጉ። አንዱ “ስልጠናው በጣም ግሩም ስለሆነ ጊዜው አጥሮብናል” ብሎ ጻፈ። አንዷ “ሻዩ ይጣፍጣል፣ ግን አንድ ኩባያ ብቻ ነው” አለች። ይሄ ነው ወቀሳቸው! ይሄን ይዤ ወይዘሮ ሶስና ፊት ልቅረብ?

አስራ አራተኛውን ፎርም ሳነብ ግን ቆምኩ። በሁለቱም ገጽ ተጽፏል። የዶክተር ጌታነህ ነው። “ማርታ ጎበዝ ናት” ብሎ ይጀምርና፣ ከዚያ ወዲያ ምሕረት የለም። “ያሳየችው ደም ማቆሚያ መሣሪያ በዞኑ ውስጥ የለም፣ ታዲያ የሃላሌው ሐኪም ምን ይዞ ይመለሳል? በጓንትና በካቴተር፣ በሽንት ቱቦዋ፣ ደም የምናቆምበትን እኔ አሳይቻት የለም ወይ?” ይላሉ። “ሦስት ጊዜ እጄን አወጣሁ፣ አላየችኝም፤ ፈርታኝ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ” ይላሉ። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦

“አዘጋጁ ታሪኩ ዘግይቶ የመጣውን የቢጠና ሐኪም በር ላይ ጮኸበት። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይህ ሰው ምን ተምሮ ሄደ?”

እውነት ነው፣ ጮኼበታለሁ። ዶክተር ጳውሎስ የሚባል ዝምተኛ ልጅ ነው፣ በሞተር አቧራ ለብሶ መጣ። “ሰዓት ታውቃለህ? ሰው አንተን ይጠብቅ?” አልኩት፣ ሰው እየሰማ። ይቅርታ ብሎ ገብቶ ተቀመጠ። ምን ላድርግ፣ ነዶኝ ነበር።

እናም ፎርሙን አጠፍኩና የኋላ ኪሴ ከተትኩት። ለራሴ “ይሄ ከፋይሉ ጋር ከሄደ እውቅናው ይቀራል፣ እሳቸውም ይሄዳሉ፣ እኔ የማደርገው ለእሳቸው ብዬ ነው” አልኩ። እናንተ ግን ከኔ ጋር ስለተማራችሁ አልዋሻችሁም። የደበቅሁት ለመጨረሻዋ መስመር ስል ነው።

ወይዘሮ ሶስና መጡ። ቀጭን፣ መነጽራቸው በገመድ የታሰረ። ሽሮፕ በሚሸተው ክፍል ተቀምጠው ገጽ በገጽ አገላበጡ፤ እኔ፣ ማርታና ዶክተር ጌታነህ ፊት ለፊታቸው። የተሰብሳቢ ፊርማውን በጣታቸው ወረዱበት። ፎርሞቹን ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

“የፈረሙት አስራ አራት ናቸው። ፎርሙ አስራ ሦስት ነው። አንዱ የት አለ?”

ውጭ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

“የኔ ነው የጎደለው” አሉ ዶክተር ጌታነህ። “ሞልቼ ለታሪኩ ሰጥቼዋለሁ።” ዞረው አላዩኝም። አለማየታቸው ነው የገደለኝ።

አወጣሁት። ስቀመጥበት ሰንብቼ የመቀመጫዬን ቅርጽ ይዟል። ሴትዮዋ በእጃቸው እያቃኑ አነበቡት፣ ገለበጡት፣ አነበቡት።

“ለምን ደበቅከው?”

“ይጥለናላ!” ብዬ ጮኽኩ። አዎ፣ ስለ ጩኸቴ የተጻፈ ወረቀት በእጃቸው ይዘው፣ ጮኽኩባቸው። ማርታ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

“ስልጠናችሁን የተከታተለ ሰው እንዳለ እስካሁን ያየሁት በዚህ ብቻ ነው” አሉ፣ ያው በዚያ ቀዝቃዛ ድምፃቸው። “መደበቅህን ሪፖርቴ ላይ እጽፋለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚህ የተጻፈውን እንዴት እንደምታርሙ ጽፋችሁ ትልካላችሁ፤ ካሳመነኝ እውቅናው ይመጣል። እያንዳንዱ ነገር የሚታረምበት መንገድ ይኑረው፣ ኃላፊው ይታወቅ፣ መታረሙም በምን እንደሚታይ ጻፉ።”

ጻፍን። ማርታ በጓንትና በካቴተር እንደገና ታስተምራለች። ዶክተር ጌታነህ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ይመጣሉ፣ እንድታያቸው። ሦስተኛው፣ የኔ ጩኸት ላይ ስንደርስ ማርታ እስክሪብቶዋን ይዛ አየችኝ።

“ኃላፊው?”

“ጻፊው በቃ! ታሪኩ ብለሽ ጻፊው!”

“መታረሙ በምን ይታያል?”

ዶክተር ጌታነህ መለሱ። “ጳውሎስ ጥያቄ ከጠየቀ” አሉ።

እውቅናው መጣ። ደብዳቤውን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። የዶክተር ፈቃድ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት የመጀመሪያውን ነጥብ ያለው ስልጠና ጠራን። ጠዋት በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሁሉም በሰዓቱ ገባ፤ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። ደም ሥሬ ተወጥሮ ተወጥሮ… ሞተሩን ሰማሁት። ያው አቧራው፣ ያው ጃኬት። ወደ አፌ የመጣውን ነገር እዚህ አልደግመውም፣ ሴቶች አሉ ግሩፑ ውስጥ። ዋጥኩት።

“እንኳን ደህና መጣህ ዶክተር። ወንበርህ ፊት ነው” አልኩት።

ደነገጠ። ከጩኸቱ የባሰ የደነገጠ መሰለኝ።

ማርታ ጓንቱን በውሃ ሞልታ ስታሳይ አንድ እጅ ወጣ። ጳውሎስ ነው።

“ያን ቀን ያረፈድኩት እንዲህ የምትደማ እናት ይዤ ስለነበር ነው” አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

“ተረፈች?” አለች ማርታ።

“ተርፋለች። ምን አድርጌ እንዳተረፍኳት ግን በደንብ አልገባኝም ነበር። ልጠይቃችሁ ነበር የመጣሁት።”

ልጠይቃችሁ ነበር የመጣሁት። ሰማችሁ አይደል? አቧራውን ሳያራግፍ ለዚህ ነው የመጣው፣ እኔ ደግሞ በር ላይ ሰዓት ታውቃለህ ብዬዋለሁ። ከክፍሉ ወጥቼ ዳሞታን ሳይ ቆየሁ። ተራራው ምን አለኝ? ምንም። ተራራ ነው።

ስመለስ ጳውሎስ አሁንም እየጠየቀ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስቆመው ጠፋ። ዶክተር ጌታነህ ይመልሳሉ፣ ማርታ እሳቸውን ታርማለች፣ እሳቸው “እሺ መምህር” ይላሉ፤ ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ማንም አልተነሳም። ዶክተር ነጥባቸውን ያዙ። ፈቃዳቸው ታደሰ። ልጆቻቸው አኩርፈዋል አሉ፤ ያኩርፉ፣ ትናንት ብቻ ሁለት እናት አዋልደዋል።

ታዲያ ለምን ትጮሃለህ ትሉኛላችሁ። ዛሬ የሰሞኑን ስልጠና ፎርሞች ሳነብ የዶክተር ጌታነህን አገኘሁታ! በሁለቱም ገጽ፣ እንደ ልማዳቸው። ስንት ወር ምላሴን ነክሼ፣ ስንቱን ውጬ፣ ስለኔ የጻፉት መጨረሻው ላይ አንዲት መስመር ናት፦ “አዘጋጁ ዝም ብሏል። ታሞ እንደሆነ ይጠየቅ።”

ይጠየቅ! ፋይሉ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ወይዘሮ ሶስና ያነቡታል! መደበቅ አልችልም፣ መጮህ አልችልም፤ ንዴቴን የት ልውሰደው? ይኸው ለእናንተ አመጣሁት። እስከዚህ የሰማችሁኝ አስተያየታችሁን ላኩልኝ። “በጣም ጥሩ” ብሎ የላከ ሰው ግን፣ በእግዜር ስም፣ ከግሩፑ ነው የማስወጣው።