ጃኬት ያዡ

ኧረ ግቡ፣ የፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አትቁሙ! ክንዴ ላይ ያያችሁት ጃኬት የእኔ አይደለም። ይህንኑ ለሳጅን ተስፋዬ ሳስረዳ ነው የደረሳችሁት፤ እሱ ደግሞ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ፣ «ያንተ ካልሆነማ ባሰብህ» ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ጓደኛዬ ዳንጊሶ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አሳ ገበያ፣ ጎብኚ እየጠራን ጀልባ ላይ እናሳፍራለን። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ የተውኩት በዚህ አፌ ተማምኜ ነው፤ ጉማሬ በሌለበት ጉማሬ አሳያለሁ። ጠዋት ታዲያ ዳንጊሶ ለምኖ ያመጣቸውን ጥንዶች ሌላ ጀልባ አሳፋሪ ከእጁ ነጠቀው። እናንተም ታውቃላችሁ፣ የእኛ ሰፈር ጠበኛ ዘሎ አይማታም፤ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሰዓቱን ይፈታል፣ ቀጥሎ ጃኬቱን ያወልቃል፣ ከዚያ ዞር ዞር ብሎ የሚታመን ፊት ይፈልጋል። የታመነው ፊት የእኔ ሆነ።

«ያዝልኝ!»

ያዝኩ። እንዲያውም አቧራ እንዳይነካው አጥፌ ያዝኩ። በዕድሜዬ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ በአግባቡ የተወጣሁት ዛሬ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የቀረውን ዓይኔ አየ እንጂ እጄ የለበትም። ዳንጊሶ ገፋው፤ ሰውየው የእትዬ ወርቅነሽ የአሳ ጠረጴዛ ላይ ተዘረረ፤ ጥርሱ ተሰበረ፤ የዳጣው ሳህን ፊቱ ላይ ተገለበጠ። ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ዓይኑ ውስጥ የገባ ሰው እንዴት እንደሚጮህ ልንገራችሁ? ሐይቅ ዳር ሆቴል ቁርስ ላይ የነበረ ሁሉ ሰምቶታል። ፖሊስ መጥቶ ዳንጊሶን ሲይዝ ሰፈሩ በሙሉ ሮጠ። እኔ ቆምኩ። የሰው ጃኬት ይዞ መሮጥ ሌባ ያስመስላላ!

«ግብረ አበር ነህ» አለኝ ሳጅን። ጥርስ ከሰበረው እኩል፣ በአንድ መዝገብ ልከሰስ ነው። የእስር ቤት ሽታ ከኮሪደሩ ሲመጣ ሰው እንዴት በአንድ ጊዜ የሕግ ሊቅ እንደሚሆን! በቡድን ስለሚፈጸም ወንጀል ሕጉ ይሻሻል እያሉ በሬዲዮ ሲከራከሩ ወደ ዘፈን የማዞር ሰውዬ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የራሴን ረቂቅ ጨረስኩ። የመታ በመታው፣ የገፋ በገፋው ይጠየቅ፤ ጃኬት የያዘ ግን ጃኬቱን ሳያቆሽሽ ከመለሰ ተመስግኖ ይሰናበት።

«ሳጅን፣ እርስዎ ይፍረዱ፤ ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ነበሩ። በምን ልማታ?»

ሳጅን ሳቁን በሳል ሸፈነ። «እሱን እትዬ ወርቅነሽ ይንገሩን። አብሮ መክሯል ካሉ ትገባለህ፤ አልመከረም ካሉ ትሄዳለህ።»

እናንተ ገና ሳትደላደሉ እትዬ ወርቅነሽ ገቡ፤ ሽርጣቸው ላይ የአሳ ቅርፊት ያብረቀርቃል። ሳጅን ጠየቃቸው።

«ማንንም አልነካም» አሉ። ደረቴን ነፋሁ። «አብሮስ አልመከረም፤ ይሄ ደግሞ ምን ምክር ያውቃል!»

ስድብም ቢሆን ምስክርነት ነው፤ ተቀበልኩት። ሳጅን በአገጩ በሩን አሳየኝ። ልወጣ ስል እትዬ ወርቅነሽ መንገዴን ዘጉ።

«ቆይ አንተ! ይህቺን ጃኬት እህቱ ከአረብ አገር ነው የላከችለት። ለብሷት እንኳን ሊደባደብ፣ አሳ ሊበላ ጠረጴዛዬን አይደገፍም። የሚይዝለት ባያገኝ ኖሮ ይሄኔም እዚያው ቆሞ እየተሳደበ ነበር።»

ይሄኔ ጃኬቷ ክንዴ ላይ ከበደች። ረቂቄን በልቤ ገልጬ፣ ስለ ጃኬት ያዥ ያረቀቅኩትን አንቀጽ ሰረዝኩ። ከውስጥ፣ ከብረቱ በር ጀርባ፣ ዳንጊሶ ድምፄን ሰምቶ ኖሮ «ወንድሜ፣ መሬት እንዳታስነካት!» ብሎ ጮኸ።

«እሺ አሁን ምን ላድርጋት?» አልኳቸው።

«ያዛት እንጂ፤ ለምደህ የለ። ሌላ ጊዜ ያዝልኝ ሲልህ ግን ጃኬቱን ተውና እሱን ያዘው» አሉኝ።