አራት ወደ ውስጥ፣ ስምንት ወደ ውጭ

ሰው ሁሉ መተንፈስ የሚያውቅ ይመስለዋል። ውሸት ነው! እስቲ አሁን ይህን እያነበባችሁ እንዴት እንደምትተነፍሱ ልብ በሉት… አያችሁ፣ ተበላሸባችሁ! እኔማ ትንፋሼን ልቆጣጠር ብዬ ሚስት ሳላገባ ልቀር ነበር።

ነገሩ በደርግ ዘመን ነው። እኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፤ እጮኛዬ ዘሀራ ኮምቦልቻ። በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፤ ግን ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ኬላውን ማለፍ አይታሰብም። ኒካሃችን እሑድ ሊታሰር ቀን ተቆርጧል፣ በሬው ተገዝቷል፤ የጎደለው ሙሽራው ብቻ ነው።

ወረቀቱን ልጠይቅ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም ባዶ እጄን ተመለስኩ። የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ገና ሳየው ደረቴ ወናፍ ይሆናል!

«ማን እያባረረህ ነው?» ይለኛል፣ ሽጉጡን እያስተካከለ።

«ማንም፣ ጓድ…»

«ንጹሕ ሰው እንዲህ አያለከልክም። ሌላ ቀን ና!»

ለገበያ ደሴ የመጡት አጎቴ ሰይድ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። አጎቴ ከኩታበር ሰኞ ገበያ ድረስ እህል ተሸክመው በእግራቸው የሚመጡ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ዳገት ላይ እንኳ ወሬ የማያቋርጡ ሰው ናቸው።

«አብሽር!» አሉኝ። «በአፍንጫህ አራት እስክትቆጥር ሳብ። ትንሽ ያዝ። ከዚያ በአፍህ ስምንት እስክትቆጥር ቀስ አርገህ ልቀቅ። እኔ ዳገቱን የምጨርሰው በዚህ ነው፣ ወላሂ!»

«ሊቀመንበሩ ዳገት አይደለም እኮ፣ አጎቴ።»

«ዳገት ነው እንጂ!»

ሦስት ቀን ሙሉ ተለማመድኩ። ሐሙስ የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ ወረቀት ላይ ማኅተም የሚመታው ከስብሰባው በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ መናገር ከጀመረ ሁለት ሰዓት አልፎታል። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ከወዲሁ ልረጋጋ ብዬ አራት ሳብኩ… ያዝኩ… ለቀቅኩ።

«ኡፍፍፍፍፍፍ!»

ሊቀመንበሩ የሚያነበውን ወረቀት አስቀመጠ።

«ማነው የሰለቸው?»

አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ወንበራቸውን ከእኔ ራቅ አደረጉ። ጎረቤቴ ናቸው እኮ፤ እየተሳሳቅን አብረን ነው የመጣነው!

«አልሰለቸኝም፣ ጓድ… ስምንት እየቆጠርኩ ነው።»

«የምን ስምንት?»

«የትንፋሽ… እርስዎን እንዳልፈራ።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ስብሰባው ሲያልቅ ቢሮ ገብቼ እንድጠብቅ ታዘዝኩ። በሬው ትዝ አለኝ፤ ዘሀራ ትዝ አለችኝ፤ ምን ልደብቃችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሊቀመንበሩ ገባ። በሩን ቆለፈ። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ስትለቅ ስንት ነው ያልከው?» አለኝ።

ለካ ቅዳሜ አውራጃ ሄዶ አለቆቹ ፊት ቆሞ ሪፖርት ያቀርባል፤ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል! ፊት ለፊት ተቀምጠን አራት ሳብን፣ ስምንት ለቀቅን። እሱ አምስት ላይ እያቋረጠ ስላስቸገረኝ ደጋግሜ አስቆጠርኩት። በመጨረሻ ግንባሩን ጠራረገና ማኅተሙን አንስቶ ወረቀቴ ላይ መታልኝ። ሰውዬው አሳዘነኝ፤ ያሳዘነኝ ግን ወረቀቱን ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ነው።

እሑድ ኮምቦልቻ ደረስኩ። የዘሀራ አባት እጄን ጨብጠው፣ ሸኹ እንደነገሯቸው፣ «ልጄን ዘሀራን ድሬልሃለሁ፤ ተቀበልክ?» አሉኝ። ቤት ሙሉ ሰው አፍ አፌን ያያል። ያ ወናፍ ሊነሳብኝ ሆነ። ምን ቸገረኝ፣ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ! አራት ሳብኩ… ያዝኩ… ለቀቅኩ።

«ኡፍፍፍፍፍፍ!»

አማቴ እጄን ለቀቁት። ሸኹ ጢማቸውን ያዙ። ከመጋረጃው ጀርባ የዘሀራ ድምፅ መጣ፦

«ማነው የሰለቸው?»

«ተቀብያለሁ፣ ተቀብያለሁ፣ ተቀብያለሁ!» አልኩ፣ ሳልተነፍስ።