ከኢንጂነሩ ሰደርያ ጋር የተቋጠረው ነጠላ

ነዳጅ የሌለን ሰዎች ስለ ነዳጅ የምናወራውን ያህል ባለ ነዳጆቹ የሚያወሩ አይመስለኝም። ፍኖተ ሰላም ማደያ አጠገብ ከተሰለፉት ባጃጆች መካከል ቆም ብላችሁ ጆሯችሁን ብትጥሉ፣ አንዱ ሾፌር የዓለምን ገበያ ሲተነትን፣ ሌላው ቤንዚን ቡሬ ደርሷል አልደረሰም እያለ ሲምል ሲገዘት ትሰማላችሁ። እኔ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሰልፉ እስከ ጠረጴዛዬ ስለሚደርስ ወሬው ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። እናም አንድ ቀን፣ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራ ታጥፎ ካለው ሸለቆ ነዳጅ ሊቆፈር ነው ሲባል ሰማሁ። የተወለድኩበት ሸለቆ ነው። ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

አትፍረዱብኝ። ሳምንት ሳይሞላ ዘመዶቼ ከተማ የሚያቆሙትን ፎቅ የቀለሙን ዓይነት ሳይቀር መርጠው ነበር። እኔም የመንደሩን ሰው ወክዬ «ፕሮጀክቱን በደስታ እንቀበላለን» የሚል ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሳልዋሽ፣ በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ ያማረው እሱ ነው። መፈረም የሚችለው ፈረመ፤ የማይችለው አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ተጫነ። እምቢ ያሉ አንዲት ሰው ብቻ ናቸው፤ አክስቴ የዝና።

አክስቴ ነዳጅ ጠልተው አይደለም። ላምባ ሲጠፋ በመንደሩ ከሁሉ ቀድመው የሚጮኹት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤውን አስነብበው ከሰሙ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ጉድጓዱ የት ላይ ነው የሚቆፈር?»

ሁለት ገጽ ሙሉ ስጽፍ ይህን አልጻፍኩም። ማንም አልጠየቀም ነበር። መልሱ በሳምንቱ ራሱ መጣ፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ከአክስቴ ምንጭ በላይ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ተተክሎ ተገኘ። ያ ምንጭ የአክስቴን የበርበሬ ችግኝ ብቻ አይደለም የሚያጠጣው። በጋው ሲበረታ የሸለቆው ምንጮች አንድ በአንድ ሲነጥፉ ሰውም ከብትም የሚወርደው ወደ እሱ ነው። እሱ ከተበላሸ መንደሩ የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አክስቴ ወደሚመለከተው ቢሮ ሦስት ሰኞ ተመላለሱ። ችካሉን የተከሉት ሰዎች ደግሞ «እናስተላልፋለን» ብለው ሄዱ። በመጨረሻ እኔ እያፈርኩ «ማመልከቻ ልጻፍልዎ?» አልኳቸው።

«ያንተን ጽሑፍማ አየሁት» አሉኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም ብል ማጋነን ይሆናል፤ የቀመስኩት ግን አልጣመኝም።

መቆፈሪያውን የጫነው መኪና የመጣ ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ከፊት ከፊት ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ናሆም የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ፣ ኢንጂነሩ፣ መንገድ እያሳየ ይመጣል። አክስቴ ከመንገዱ መካከል ቆመው እጃቸውን አነሡ።

«በሕግ አምላክ!»

ከተማ ላደጋችሁ ላስረዳ። በእኛ አገር «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ሲሮጥ ከነበረ ይቆማል፣ ዱላ አንሥቶ ከነበረ ያወርዳል፤ ከዚያ ወደ ዳኛ ነው። የመኪናው ሾፌር የደምበጫ ሰው ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ምን ሆንክ? ንዳ እንጂ!» አለው ናሆም።

«ኢንጂነር፣ ገደል ግባ ካልከኝ እገባልሃለሁ። ይህን ቃል ግን ተሻግሬ አልነዳም።»

አክስቴ ይህ አልበቃቸውም። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ዳኛ ፊት ይሄዱ እንደነበር ከአባቴ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ግን አላየሁም ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ ያዙና ከኢንጂነሩ ሰደርያ ጋር ቋጠሩት።

«በል ና ልጄ። ዳኛ እስኪፈታን አንተም የትም አትሄድ፣ እኔም የትም አልሄድ።»

ናሆም ሳቀ። የሚያጅበው ሲያጣ ተወው። «እሺ እማማ፣ በመኪና ልውሰድዎት» አለ።

«ለሕግ በእግር ነው የሚኬድ።»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ከፊት፣ ኢንጂነሩ ከኋላ፣ እኔ የኢንጂነሩን ቦርሳ ተሸክሜ ሁለት ሰዓት ተጓዝን። ገና ስንነሣ አክስቴ ከምንጩ በቅል ቀድተው አጠጡት። «በግንቦትም አይደርቅም?» ሲል ጠየቀ። «በግንቦትማ አገሩ ሁሉ እዚህ ነው» አሉት። ከዚያ እየተራመደ ደጋግሞ ዞር እያለ ምንጩን ያይ ነበር።

አክስቴ የመሩን ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን፣ ጉዳያቸው ያለው እዚያ ነውና፣ ሦስት ሰኞ ወደተመላለሱበት፣ ስሙን ወደማልጠራው ቢሮ ነው። ጥበቃው «አንድ በአንድ ግቡ» ሲል አክስቴ ቋጠሮውን አሳዩት፤ ግራ ገብቶት አሳለፈን። የበሩ ደፍ ላይ ስንደርስ ቋጠሮው ተንሸራቶ ሲፈታ አየሁ። ናሆምም አየው። አክስቴ ወደ ፊት ነበር የሚያዩት፤ ዞር ብሎ መሄድ ይችል ነበር። ጎንበስ አለና ራሱ መልሶ ቋጠረው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ኃላፊው ቀና ብሎ ሳያየን «የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ ሰኞ ተመለሱ» አለ። አክስቴ ለምደውታል፤ መቀመጫ ፈለጉ። የጮኸው ናሆም ነው።

«ሰኞ? እስከ ሰኞ እንደዚህ ተቋጥረን ልንከርም ነው?»

«ቀስ በል ልጄ» አሉት አክስቴ፤ «እኔ ሦስት ሰኞ ተመላልሻለሁ።»

ናሆም ከቦርሳው ካርታ አውጥቶ በኃላፊው ወረቀቶች ላይ ዘረጋው። «ቦታውን ያጠናሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ችካሉ ከሸለቆው ማዶ፣ ከምንጩ በታች ወዳለው ድንጋያማ መሬት ይዛወራል። እፈርማለሁ። እርስዎ ማኅተም ያድርጉበት፤ ሳያደርጉ አንወጣም።»

«ማመልከቻ ያስፈልጋል» አለ ኃላፊው፣ መውጫ ያገኘ መስሎት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መሬት ላይ ተንበርክኬ አምስት መስመር ጻፍኩ። የባለ ሁለት ገጹን ያህል አያምርም፤ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር ግን ይናገራል። አክስቴ አስነበቡኝ፣ ደግሜ እንዳነብ አዘዙኝ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ተጫኑበት። ማኅተሙም አረፈ።

አክስቴ ቋጠሮውን ለመፍታት ብዙ ታገሉ። «ይህን እኔ አልቋጠርኩትም» አሉና ናሆምን ትክ ብለው አዩት። ልጁ ወደ ጣሪያው ይመለከት ነበር።

ቁፋሮው ከክረምት በኋላ ነው ተብሏል። ከሥር ምን እንደሚወጣ እንጃ። የባጃጆቹ ሰልፍ ዛሬም እስከ ጠረጴዛዬ ይደርሳል፣ እኔም ማመልከቻ መጻፌን አልተውኩም። ብቻ አሁን ባለጉዳይ መጥቶ ከፊቴ ሲቀመጥ፣ ብዕሬን ከማንሣቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ።

«ነጠላ ይዘዋል?»